የወታደር ስፖርት በ30 ቀን? በብዛት ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ አጭር ነው። ጂም ገንዘብ ማባከን ነው፤ በገዛ ሰውነታችሁ ክብደት እንደ ወታደር ሥሩ፤ በ30 ቀን ውስጥ የወታደር አቋም ይኖራችኋል ይላል። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ለዓመታት ስፖርት ያልሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ በማግስቱ ሊጀምሩት ቆርጠዋል። ይህን ምላሽ በዋናነት የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ያለ ብረት የሚሠራ ስፖርት እወዳለሁ። እኔም የምሠራው እሱን ነው፤ ለጀማሪም የምመክረው እሱን ነው። ከፑሽአፕ ጋር ጠብ የለኝም። ያልተስማማሁት ጸሐፊው የወታደር ስልጠና ብለው ባቀረቡት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ሠራዊቶች ወታደር የሚያወጡት በፑሽአፕ፣ በሲትአፕ፣ በስኳት፣ በበርፒና በሩጫ ብቻ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አያስፈልግም። (ስኳት ቁጢጥ ብሎ መነሣት ነው፤ በርፒ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ፣ እጅን መሬት አስደግፎ፣ እግርን ወደ ኋላ ወርውሮና መልሶ መነሣት ነው።) ፕሮግራማቸው ከአራቱም እንቅስቃሴ በየቀኑ መቶ መቶ፣ ከዚያ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የእረፍት ቀን የለውም። ሕመም ሲመጣ ድክመት እየወጣ ነውና ግፉበት ይላሉ። ሲትአፕ ቦርጭ ያጠፋል ይላሉ። ፕሮግራሙ ለወንድም ለሴትም፣ ለወጣትም ለጎልማሳም አንድ ነው፤ ተንበርክኮ ፑሽአፕ መሥራት ራስን ማታለል ነው ይላሉ። ለማስረጃ ከ40 በላይ ፑሽአፕ የሚችሉ ሰዎች ልባቸው ጤነኛ መሆኑን ያሳየ ጥናት ያነሣሉ። ሲጨርሱም ሰውን ከሰው የሚለየው ወኔ ብቻ ነው ይላሉ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ያለ ብረት ጡንቻ መገንባት ይቻላል የሚለው እውነት ነው። ቀላል ክብደትም ቢሆን አቅም ሊያልቅ እስኪል ድረስ ከተሠራበት ጡንቻ እንደሚያሳድግ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ፑሽአፕን ከቤንች ፕሬስ፣ ማለትም ተንጋሎ ብረት ወደ ላይ ከመግፋት፣ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችም ጫናው እስከተቀራረበ ድረስ ውጤቱም ተቀራራቢ መሆኑን አግኝተዋል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ጂም መግቢያ የሌለው ሰው ስፖርት አይመለከተኝም ማለት የለበትም።

ሠራዊቶች ሌላ ነገር አይጠቀሙም የሚለው ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ወታደሩን የሚፈትነው በሦስት ነገር ነበር። የሁለት ደቂቃ ፑሽአፕ፣ የሁለት ደቂቃ ሲትአፕ፣ የሁለት ማይል ሩጫ፤ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጸሐፊው የሳሉት ወታደር የዚያ ዘመን ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ያ ፈተና በይፋ ተተካ። በአዲሱ ፈተና ውስጥ ዴድሊፍት ገባ፤ ከባድ ብረት ከመሬት ማንሣት ማለት ነው። ሸክም መጎተትና ተሸክሞ መሮጥ ገባ። ሲትአፕ ወጥቶ ፕላንክ ገባ፤ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ፈተናው እንደገና ሲከለስ ከዴድሊፍቱ ጋር አብሮ ገብቶ የነበረው ኳስ የመወርወር ክፍል ወጣ፤ ዴድሊፍቱ ግን ባለበት ቀጠለ።

ይህ ለውጥ የመጣው ከሥራው ጠባይ ነው። ወታደር የቆሰለ ጓዱን ይጎትታል። የጥይት ሣጥን ያነሣል። ከባድ ጓዝ በጀርባው አዝሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ፑሽአፕና ሩጫ ብቻ ይህን ጉልበት አይለኩም፤ አያሳድጉምም።

የጸሐፊውን ዝርዝር በደንብ ስናየው ሌላም ክፍተት አለው። መግፋት አለ፣ መቀመጥና መነሣት አለ፣ መሮጥ አለ። መሳብ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም። የጀርባ ጡንቻ፣ የትከሻ የኋላ ክፍል፣ የእጅ መዳፍ ጉልበት፣ ሁሉም ተረስተዋል። በየቀኑ መቶ ፑሽአፕ እየሠራ አንድም ቀን የማይሳብ ሰው ደረቱን ብቻ እያጠነከረ ጀርባውን ይበድላል። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር (ማሪን) ፑልአፕን፣ ማለትም ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በፈተናው ውስጥ ያቆየው ያለ ነገር አይደለም። ከዚያም በፊት፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዦርዥ ኤቤር ለመርከበኞች ባወጣው ሥልጠና ውስጥ ከፍታ መውጣት፣ ማንሣት፣ መወርወር፣ ሚዛን መጠበቅና መዋኘት ከሩጫና ከዝላይ ጋር እኩል ቦታ ነበራቸው። የወታደር ስፖርት መቼም ቢሆን በአራት እንቅስቃሴ አልቆ አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጂምም አይጠይቅም። የሚንጠለጠሉበት ጠንካራ ብረት ካለ ፑልአፕ መጀመር ይቻላል። ፑልአፕ ገና ካልተቻለ፣ ወገብ ከፍታ ላይ ባለ የማይነቃነቅ አግዳሚ ሥር ተንጋሎ፣ እግርን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ደረትን ወደ አግዳሚው መሳብ ነው። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ሞልቶ ከመሬት ማንሣትና ማስቀመጥ ደግሞ የታፋን የኋላ ክፍልና መቀመጫን ያሠራል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ በየቀኑ መቶ መቶ ወደሚለው። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

መቶ ለማስታወስ ይመቻል። ከአንድ ሰው የዛሬ አቅም ጋር ግን ዝምድና የለውም። አምስት ፑሽአፕ የሚከብደው ሰው አለ፤ ስልሳ በአንድ ትንፋሽ የሚሠራም አለ። ለመጀመሪያው ሰው መቶ ከአቅም በላይ ነው፤ ለሁለተኛው ማሟሟቂያ ነው። ለሁለቱም የማይሆን ፕሮግራም የወታደር ስለተባለ ብቻ ፕሮግራም አይሆንም።

እውነተኛ ምልምል ከመግባቱ በፊት የጤና ምርመራ ያልፋል። ከገባ በኋላ በአሜሪካ ምድር ጦር መሠረታዊው ሥልጠና 10 ሳምንት ነው፤ በባሕር ወለድ ጦሩ ደግሞ 13። ሁለቱም ከ30 ቀን በእጥፍ ይበልጣሉ። ያውም ምልምሉ ሌላ ሥራ የለውም። ምግቡ ይቀርብለታል፣ የሚተኛበት ሰዓት ታውቋል፣ ሲያነክስ የሚያይ አሠልጣኝ አጠገቡ አለ፣ ሐኪምም ቅርብ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ ማታ ደክሞት፣ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ መቶ በርፒ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም ምልምሎች ይጎዳሉ። በብዛት የሚጎዳው እግር ነው። የቅልጥም አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ብዛት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት ራሱን እንደገና ይሠራል። አሠራሩ ግን መጀመሪያ አሮጌውን ማንሣት፣ ከዚያ አዲሱን መተካት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመጠንከሩ በፊት ለጊዜው ይዳከማል። ልክ በዚያ ጊዜ ነው ጸሐፊው ያለ አንድ ቀን እረፍት 5 ኪሎ ሜትር በየቀኑ ሩጡ የሚሉት። በጡንቻና በሳንባ የሚሰማ ለውጥ ቶሎ ይመጣል። ሰውየው ጎበዝ እየሆንኩ ነው ብሎ ይጨምራል። አጥንቱና ጅማቱ ግን ገና አልደረሱበትም።

ሠራዊቶች ይህን የተማሩት በብዙ ጉዳት ነው። ምልምሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሩጫው ርቀት ሲቀነስ ጉዳቱ እንደሚቀንስ፣ የመሮጥ ብቃቱ ግን ያን ያህል እንደማይወርድ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ምልምሎችን በፍጥነታቸው በቡድን ከፍሎ ማስሮጥ የተለመደ ሆነ። ዘገምተኛው ከፈጣኑ ኋላ እየተጎተተ እንዲሮጥ አይገደድም። የጽሑፉ ፕሮግራም ሠራዊቶቹ ራሳቸው የተዉትን ስህተት ለሰው ቤት ያመጣል።

ከአጥንት የባሰም አለ። ሰውነቱ ያልለመደ ሰው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴን ከመጠን በላይ ሲደጋግም የጡንቻ ሕዋሳት ሊፈርሱና በውስጣቸው ያለው ነገር ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ሐኪሞች ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ፕሮቲን ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። የአሜሪካ ሠራዊት በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ይመዘግባል፤ እነዚህ ወጣትና ጤነኛ ተብለው ተመርጠው የገቡ ሰዎች ናቸው። ሙቀት፣ የውኃ ጥማት፣ ድንገት የተጀመረ ብዙ ድግግሞሽ፣ ሁሉም አደጋውን ይጨምራሉ። ስፖርት ያልሠራ ሰው በመጀመሪያው ቀን መቶ ስኳትና መቶ ፑሽአፕ ሲሠራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምልክቱን ሁላችሁም እወቁት። ከተለመደው በጣም የባሰ የጡንቻ ሕመምና እብጠት፣ የጉልበት መክዳት፣ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት። ሽንት ጠቁሮ ከታየ ነገ ላይ ማለት የለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

በየቀኑ መሥራት በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። የካናዳ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በቢል ኦርባን የተዘጋጀ ፕሮግራም ነበረው። አምስት እንቅስቃሴ ብቻ፣ በየቀኑ 11 ደቂቃ፣ ያለ ምንም መሣሪያ። ወታደራዊ ነው፣ አጭር ነው፣ የዕለት ተዕለት ነው፤ ጸሐፊው የፈለጉትን ሁሉ ያሟላል። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ከመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ይጀምራል። እንቅስቃሴዎቹ ራሳቸው ከቀላል ወደ ከባድ ይቀየራሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው ወደሚቀጥለው ደረጃ ከማለፉ በፊት ከወጣቱ የበለጠ ቀን እንዲቆይ ይታዘዛል። ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሐሳብ ነው፤ ግን ዛሬ ከሚሰራጨው ጽሑፍ ይልቅ ለሰው አካል ይጠነቀቃል።

ሕመም ሲመጣ ግፉበት የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ጀማሪ ሰው ድካምንና ሕመምን አይለይም። ትንሽ ትንፋሽ ሲያጥረው ያቆማል። ያን ሰው ትንሽ ግፋ ማለት ተገቢ ነው። ከሥራው በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመጣው የጡንቻ መቀጥቀጥም የሚያስፈራ አይደለም፤ ራሱ ይጠፋል። ግን የውጤት መለኪያም አይደለም። ሰውነት ሲለምድ መቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ ዕድገቱ ግን ይቀጥላል። በየቀኑ ካላመመኝ አልሠራሁም የሚል ሰው በየቀኑ ጫና ለመጨመር ይገደዳል፤ ያ መንገድ ደግሞ የት እንደሚያደርስ አይተናል። የመገጣጠሚያ ውጋት፣ አንድ ቦታ ላይ ተነጥሎ የሚሰማ የአጥንት ሕመም፣ የደረት መጨነቅ፣ ራስ ማዞር፣ እነዚህ ሲመጡ ማቆም ነው። በሠራዊትም ቢሆን ይህን ደብቆ የሚሮጥ ምልምል አሠልጣኙን አያስደስትም፤ በማግስቱ ከሥልጠና የሚወጣው እሱ ነው።

በርፒን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እንቅስቃሴው ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የአካል ብቃት ተመራማሪ ሮያል በርፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲያወጣው ሐሳቡ የሰውን ብቃት ቶሎ መመዘን ነበር። ሰውየው አራት ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ የልብ ምቱ ከዚያ በፊትና በኋላ ይለካል። የአሜሪካ ሠራዊትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወሰደው ለመመዘኛ ነው። ለመለኪያ የተሠራን ነገር በየቀኑ መቶ ጊዜ የሚደገም ቅጣት ማድረግ ከየት እንደመጣ ጸሐፊው አይነግሩንም።

ሲትአፕና ቦርጭ ላይ ብዙ አልቆይም። ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው፤ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚቀንስ የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ሲትአፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ በላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያቀልጥም። ወገብንም በተደጋጋሚ እያጠፈ ይጫነዋል። የአሜሪካ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና ባሕር ወለድ ጦር ሦስቱም ባለፉት ዓመታት ሲትአፕን ወይም እሱን የሚመስለውን የሆድ እንቅስቃሴ ከፈተናቸው አውጥተው በፕላንክ ተክተውታል። እንደ ወታደር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ወታደሩን ይከተል።

ተንበርክኮ ፑሽአፕ ራስን ማታለል ነው የሚለው አስቆጥቶኛል። ብዙ ሴቶችንና ወፈር ያሉ ጀማሪዎችን ከስፖርት የሚያባርር አነጋገር ነው። ቁጥሩን እንየው። በተለመደው ፑሽአፕ እጅ የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት 64 ከመቶ ያህሉን መሆኑ ተለክቷል። ተንበርክኮ ሲሠራ 49 ከመቶ ይሆናል። እጅን 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አስደግፎ ሲሠራ 41 ከመቶ ነው። እግርን በዚያው ከፍታ ላይ ሰቅሎ ሲሠራ ደግሞ 74 ከመቶ ይደርሳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ29 ኪሎ እስከ 52 ኪሎ ድረስ ያለ ልዩነት ነው። ማንም ጂም ገብቶ በመጀመሪያው ቀን ቀላሉን ብረት ያነሣ ሰው ራሱን አታለለ አይባልም። ፑሽአፕም እንደዚያው ክብደቱ የሚቀየር ነገር ነው። የዚህ ስፖርት ትልቁ ውበት፣ ለእኔ፣ እሱ ነው። እጅ ከወንበር ወደ መሬት፣ እግር ከመሬት ወደ ወንበር፤ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ጫናው ይቀያየራል። ጸሐፊው ከዚህ ውበት አንድ ደረጃ ብቻ ይዘው ሌላውን ሁሉ ሰረዙት።

ምክሬ ከመንበርከክ ይልቅ እጅን ከፍታ ላይ ማስደገፍን መጀመር ነው። ሰውነት ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ብሎ መቆየትን ይማራል፤ ከፍታውን እየቀነሱ ወደ መሬት መውረድም ይቀላል።

ያነሡት ጥናት እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሲሆን 1,104 ወንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለ10 ዓመት ተከታትሏል። መጀመሪያ ላይ ከ40 በላይ ፑሽአፕ የቻሉት፣ ከ10 በታች ከሠሩት ይልቅ የልብና የደም ሥር ችግር የገጠማቸው በጣም ጥቂት ነበሩ። ጥሩ ዜና ነው። ጥናቱ የለካው ግን ሰዎቹ በአንድ ወቅት ምን ያህል እንደሚችሉ ነው። በየቀኑ መቶ ፑሽአፕ ማንንም አላሠራም። ብዙ ፑሽአፕ የሚችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ የተስተካከለ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው፤ ልቡን የጠበቀለት የትኛው እንደሆነ ከዚህ ብቻ አይታወቅም። ሴቶችም በጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ለሁሉም አንድ ፕሮግራም የሚል ጽሑፍ በወንዶች ብቻ በተሠራ ጥናት ሊደገፍ አይችልም።

ወኔ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ማልዶ መነሣት፣ ዝናብ ነው ብሎ አለመቅረት፣ ሰው ሳያይ መሥራት፣ ከውትድርና የምንማረው መልካም ነገር ነው። ግን የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የአካል ብቃት መመሪያ የወታደሩን ዝግጁነት በአምስት ክፍል ነው ያስቀመጠው። አካል፣ አመጋገብ፣ አእምሮ፣ መንፈስና እንቅልፍ። እንቅልፍ ራሱን የቻለ ክፍል ነው! ወኔ ያለው ግን በቀን አምስት ሰዓት የሚተኛ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደሚሆን ሠራዊቱ ያውቃል። ጽሑፉ እንቅልፍ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

ታዲያ በማግስቱ ሊጀምሩ የነበሩት ምን ያድርጉ? ይጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከላቸው አንድ አንድ ቀን እረፍት ይበቃል። አንድ የሚገፋ፣ አንድ የሚሳብ፣ አንድ የእግር፣ አንድ ፕላንክ። እያንዳንዱን ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ ሁለት ሦስት ድግግሞሽ የሚሆን አቅም እያስቀሩ ማቆም። በሌሎቹ ቀናት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፤ ሰውነት ሲለምድ በመሐሉ አጭር አጭር ሩጫ ማስገባት። ድግግሞሹ ሲቀል እንቅስቃሴውን ወደሚከብደው መቀየር። የልብ ችግር፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ጎልማሳ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። በ30 ቀን የሚገኘው ጉልበት ባብዛኛው አንጎልና ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለተማሩ የሚመጣ ነው። በመስታወት የሚታየው ለውጥ ወራት ይፈልጋል።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ስለሆነ አንባቢው ብዙ ነው። ፕሮግራማቸውን መቀየር ባይፈልጉ እንኳ ስለ ጠቆረ ሽንት የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር ከላዩ ላይ ይጨምሩበት። ከዚህ ምላሽ እንዳለ ቢወስዱት ደስ ይለኛል።